ስለ ፈጠራ መብት ምርመራ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት፤ ከስልክ ስክሪን እስከ ጤፍ ዱቄት



በአብደራፊ ከተማ ውስጥ የተሰበረ የእጅ ስልክ ስክሪን ለማስለወጥ ወደ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ገዢውም ተገርሞ ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ «ይኸኛው ኦሌድ ነው» ብሎ ይመልስለታል እንጂ ከዚያ አልፎ የሚያስረዳው ነገር የለውም። እኔም ለአንድ የሰሊጥና የሸቀጥ ነጋዴ በጸሐፊነት የማገለግል እንደ መሆኔ መጠን ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ስሰማ ኖሬ፣ መልሱን ለመፈለግ ስነሣ ነገሩ ከስክሪን ዐልፎ ወደ ፈጠራ መብት፣ ከፈጠራ መብትም ወደ ጤፋችንና ወደ ሰሊጣችን አደረሰኝ። ስለዚህ ያገኘሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ለነጋዴዎች በትምህርት መልክ አቀርባለሁ። በመጨረሻም በገዛ እጄ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

፩. ኦሌድ የተባለው ነገር ምንድን ነው?

በተራው ስክሪን ውስጥ ከኋላ የሚበራ መብራት አለ። ፊቱ ላይ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ ያንን ብርሃን እንደ መጋረጃ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በኦሌድ ስክሪን ግን ከኋላ የሚበራ መብራት የለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራስዋ ታበራለች። ጥቁር ቀለም ሲታይ ነጥቢቱ ጠፍታለች ማለት ነው። ብርሃኑን የሚሰጡት ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚያበሩ፣ ከሰው ጠጉር ከመቶ እጅ የሳሱ፣ በንብርብር የተቀቡ ኦርጋኒክ ውሑዶች ናቸው። ኦርጋኒክ ሲባል እኛ ሰሊጥ ላኪዎች እንደምናውቀው ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ የበቀለ ማለት አይደለም፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ በካርቦን ላይ የተመሠረተ ውሑድ ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለዓለም ያስተዋወቁት በአሜሪካ የኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ሲሆኑ፣ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያበራ ባለ ሁለት ንብርብር መሣሪያቸውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በጽሑፍ ገለጹ። በ1990 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ውሑድ እንዲሁ እንደሚያበራ አሳዩ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ግድም አሜሪካውያኑ ስቲቨን ፎረስትና ማርክ ቶምፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢሪዲየም የተባለውን ውድ ማዕድን ከካርቦን ውሑድ ጋር በማጣመር ብርሃኑን እጅግ አበረከቱት። ቀዩና አረንጓዴው ቀለም ቶሎ ሲሳካ፣ ሰማያዊው ግን ዕድሜው አጭር በመሆኑ እስከ ዛሬ የሊቃውንቱ ራስ ምታት ነው።

እንግዲህ ከስክሪኑ ዋጋ ውስጥ አንዱ ክፍል የሚሄደው ለነዚህ ውሑዶች ነው። ውሑዶቹም በፓተንት የተያዙ ናቸው።

፪. ፓተንት ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

ፓተንት ማለት መንግሥት ከፈጣሪው ጋር የሚያደርገው ውል ነው ቢባል ያስኬዳል። ፈጣሪው ምሥጢሩን ለሕዝብ ይገልጻል፤ መንግሥትም በለውጡ ለተወሰነ ዘመን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራበት ይከለክልለታል። ዘመኑ ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉ ይሆናል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት የሚጸና ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠበትንና ዘመኑ ያላለፈውን ነገር ወደ አገር አስገብቶ ለሚያመርት ደግሞ አስገቢ ፓተንት የሚባል አለ። አዲስ የሰብል ዝርያ ግን በፓተንት አይያዝም፤ የዝርያ አዳቃዮች መብት የራሱ አዋጅ አለው። የንግድ ሥራ ዘዴም፣ የሳይንስ ግኝትም እንዲሁ ፓተንት አይሰጥባቸውም።

ነጋዴ ሁለት ነገር አጥብቆ ይያዝ። አንደኛው፣ ፓተንት የአገር ድንበር አይሻገርም። በጀርመን የተሰጠ ፓተንት በጀርመን፣ በኢትዮጵያ የተሰጠ በኢትዮጵያ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው፣ የአገራችን አዋጅ የፓተንት ባለቤት በፈጠራው ውጤቶች ላይ የማስመጣት ሞኖፖል እንደማይኖረው በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ አንድ ሰው የባዕድ አገር ወረቀት ዘርግቶ «ይህን ዕቃ ከእኔ በቀር ማንም ሊያስመጣ አይችልም» ብሎ ቢያስፈራራ፣ ከመደንገጥ በፊት ወረቀቱ የየት አገር እንደ ሆነና ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ይሁን እንጂ የንግድ ምልክት ሌላ ነገር ነው። የሌላውን ስምና ምልክት በሐሰት ለጥፎ መሸጥ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

፫. መርማሪው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ማመልከቻ ሲቀርብ የፓተንት መርማሪው እንደ ሰሊጥ መርማሪ ነው። የሰሊጥ መርማሪ ከጆንያው ናሙና አውጥቶ ባዕድ ነገሩን፣ እርጥበቱንና ቀለሙን ሳያይ ደረጃ አይሰጥም። የፓተንት መርማሪም ደረጃ ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ነገሩ አዲስ ነውን? የሚለው ነው። አዲስነት የሚለካው በአንድ አገር ብቻ አይደለም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትም ዓለም በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በሥራ ለሕዝብ የተገለጸ ነገር አዲስ አይባልም።

በኦሌድ ውሑዶች ላይ ይህ ምርመራ እጅግ የከበደ የሚሆንበት ምክንያት አለው። አመልካቹ አንድ ውሑድ ብቻ አይጠይቅም። አንድ አጠቃላይ ቀመር ጽፎ፣ በቀመሩ ላይ ባዶ ቦታዎች ትቶ፣ «በዚህ ቦታ ከነዚህ አንዱ፣ በዚያኛው ከነዚያ አንዱ ሊገባ ይችላል» ይላል። ይህ አጻጻፍ በአሜሪካ በ1920ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጉዳዩ በታየለት ኬሚስት ስም የማርኩሽ አጻጻፍ ይባላል። እስቲ እናስላው፤ ቀመሩ አራት ባዶ ቦታዎች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱም ሃያ ምርጫ ቢሰጥ፣ 20 በ20፣ እንደገና በ20፣ እንደገና በ20 ሲባዛ 160,000 ውሑድ ይሆናል። አመልካቹ በእጁ ሠርቶ የሞከረው ግን ምናልባት ከሠላሳ ወይም ከአርባ አይበልጥ ይሆናል። መርማሪውም የውሑዱን ሥዕል በኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ አስገብቶ፣ በዓለም መጽሔቶችና በቀድሞ ፓተንቶች ከታወቁት ውስጥ በዚህ ቀመር የሚጠቃለል እንዳለ ይፈልጋል።

አንድ እንኳ ቢገኝ ሰፊው ጥያቄ ይወድቃል። ነገሩን በእኛ መጋዘን ብንመስለው፣ አንድ ሰው «በዚህ መጋዘን ያለው እህል ሁሉ የእኔ ነው» ብሎ ሲማልድ ከመካከሉ የሌላ ሰው አንድ ኩንታል ቢገኝ፣ ያንን ኩንታል ለይቶ አውጥቶ ጥያቄውን እስኪያጠብ ድረስ አቤቱታው አይሰማም። የተገላቢጦሹ ግን እንዲሁ አይደለም። ቀድሞ «በቆላው የቅባት እህል አለ» ብሎ የጻፈ ሰው የሁመራን ሰሊጥ ለይቶ እንደ ነገረን አይቆጠርም። እንዲሁም አንድ የቀድሞ ጽሑፍ ሰፊ ቀመር ስላወጣ ብቻ፣ በውስጡ ያልተጠራው ልዩ ውሑድ ሁሉ አዲስነቱን አያጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ፈጠራዊ ብቃት አለውን? የሚለው ነው። አዲስ የሆነ ሁሉ ፈጠራ አይደለም። የሙያው ዐዋቂ የሆነ ሰው ሳይቸገር ሊደርስበት የሚችል ለውጥ ከሆነ፣ የጆንያውን ቀለም ቀይሮ አዲስ ሰሊጥ አመጣሁ እንደ ማለት ነው። በኦሌድ ረገድ አመልካቹ ከውሑዱ አንዲት ትንሽ ክፍል ለውጦ ሲመጣ መርማሪው ይህ ለውጥ ያልተጠበቀ ምን ጥቅም እንዳመጣ ይጠይቀዋል። ብርሃኑ ጨመረ ወይ? ብሩህነቱ እስኪቀንስ ድረስ የቆየው ሰዓት ረዘመ ወይ? የኤሌክትሪክ ፍጆታው ቀነሰ ወይ? መልሱም በቁጥር፣ ቀድሞ ከሚታወቀው ከሁሉ ከሚቀርበው ውሑድ ጋር በአንድ ዓይነት መሣሪያ ተወዳድሮ መቅረብ አለበት። የተበጠረ ሰሊጥ ካልተበጠረ ጋር አወዳድሮ «የእኔ ይበልጣል» ማለት ክርክር እንደማይሆን ሁሉ፣ ያልተካከለ ውድድርም በመርማሪ ፊት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ይቻላልን? የሚለው ሲሆን፣ ይህ ብዙ ጊዜ አያከራክርም።

ከነዚህ ጋር መግለጫው በቂ መሆኑ ይመረመራል። የሙያው ሰው መግለጫውን አንብቦ ነገሩን መሥራት መቻል አለበት። ሠላሳ ሠርቶ 160,000 የሚጠይቅ አመልካች፣ የቀሩትም በዚያው መንገድ እንደሚሠሩ ካላሳመነ ጥያቄው እንዲጠብ ይደረጋል። ውሉን አስታውሱ፤ መብት የሚሰጠው ለሕዝብ በተገለጸው ዕውቀት ልክ ነው።

፬. የጤፍ ነገር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በጤፋችን የደረሰውን ይመልከት።

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝሐ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ምርምር ድርጅት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት ተዋዋሉ። ኩባንያው ግን ከውሉ አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም ጥር 2 ቀን 1999 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 10 ቀን 2007) ፓተንቱን ሰጠ። በፈጣሪነት የተመዘገቡት ያንስ ሮስየን የተባሉ ሆላንዳዊ ናቸው።

የመብት ጥያቄው ምን ነበር? በዱቄት ምርመራ የመውረጃ ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ። ዱቄት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲሞቅ፣ የገባበት ዘንግ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ይለካል። የጎነቆለ ወይም ዝናብ የመታው እህል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከመከር በኋላ ተቀምጦ የበሰለ እህል ከፍ ይላል። ፓተንቱ የያዘው በሚፈጭበት ጊዜ የመውረጃ ቁጥሩ ቢያንስ 250 ከሆነ ጤፍ የተገኘውን ዱቄት፣ ከዚያም የሚሠራውን ሊጥና የሚጋገረውን ነገር ነበር። ጤፍን በጎተራ አቆይቶ ማስፈጨት ግን የአገራችን ባላገር ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ልማድ ነው።

ታዲያ መርማሪው ይህን እንዴት አሳለፈው? መርማሪ የሚፈርደው በፊቱ ባለው ማስረጃ ነው። ማስረጃውም በመዝገብና በመጽሔት ያለ ጽሑፍ ነው። የጎተራችን ዕውቀት ግን በቃል ሲወርድ የኖረ፣ በቁጥር ያልተለካ፣ በመዝገብ ያልገባ ነው። በሕጉ ዐይን የቃልም ሆነ የሥራ ገለጻ አዲስነትን ያፈርሳል፤ ነገር ግን ከሩቅ የተቀመጠ መርማሪ ያላነበበውን ሊያውቅ አይችልም።

በራስዋ በሆላንድ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዚያ አገር ሕግ ብሔራዊ ፓተንት የሚሰጠው በምዝገባ ነው። የፍለጋው ውጤት ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል እንጂ፣ ነገሩ አዲስ ባይሆንም እንኳ ምዝገባው በዚያ ምክንያት አይከለከልም፤ እውነተኛው ምርመራ የሚደረገው ክርክር ሲነሣ በፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ፓተንት የሚል ወረቀት ሁሉ ተመርምሮ ያለፈ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው።

ኩባንያው በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ከሠረ። ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ያህልና አንድ ሳይዘልቅ የተቋረጠ የምርምር ሥራ ነው ተብሎ በጥናት ተመዝግቧል። ኩባንያው ቢከስርም ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቀጠለ። በመጨረሻ ባለመብቱ ሌላ የሆላንድ ድርጅት ፓተንቴን ጣሰብኝ ብሎ በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ተከሳሹም ፓተንቱ ከመጀመሪያው ሊሰጥ አይገባውም ነበር ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈጠራዊ ብቃት የጎደለው መሆኑን አግኝቶ ፓተንቱ ዋጋ የለውም ሲል ፈረደ።

ፍርዱ ለሆላንድ ብቻ ነው። የአውሮፓው ፓተንት በሌሎች አገሮች የየራሱ ሕይወት ነበረው። የአውሮፓ ቢሮ ፓተንት ከሰጠ በኋላ ተቃዋሚ የሚቀርብበት ጊዜ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ያ ካለፈ ተቃዋሚው በየአገሩ ፍርድ ቤት እየዞረ መክሰስ ነበረበት። የዚህ ፓተንት 20 ዓመት የሚቆጠረው ከ2004 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለሆነ ዘመኑ በ2024 ተፈጽሟል። እንግዲህ ዛሬ ጤፍ ዱቄት ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ በዚህ ፓተንት ምክንያት የሚፈራው ነገር የለም፤ ያለፉት ዓመታት ገበያ ግን አይመለስም።

፭. የገዛ እጄ ሥራ

አሁን የተናገርሁትን ቃል ልፈጽም። በከተማችን አንድ ብልህ የብረት ሠራተኛ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሊጥ ሲበጠር ጠጠሩንና አፈሩን በአንድ ጊዜ የሚለይ፣ ወንፊቱ በልዩ ዘዴ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ሠራ። የምሠራላቸው ነጋዴ መሣሪያውን ባዩ ጊዜ እጅግ ተደስተው፣ «እስቲ አንቺ ጽፈሽ አሳምሪለትና ባለመጋዘኖች ሁሉ ይወቁት» አሉኝ። እኔም ከልቤ ደክሜ፣ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጽፌ፣ ሥዕሉን አስነሥቼ፣ በላዩ ቀኑን ጽፌ፣ አባዝቼ በየመጋዘኑ አደልሁ። በሁለተኛው መከር መሣሪያው ታወቀ። ከዚያም በሌላ ከተማ ያለ አንድ ወርክሾፕ ያንኑ ሠርቶ በርካሽ መሸጥ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ነው መብት ለማስመዝገብ የተነሣነው። በአዲስ አበባ ያማከርናቸው የሕግ ዐዋቂ መጀመሪያ የጠየቁን «ለሕዝብ የተገለጸው መቼ ነው?» ብለው ነው። አዋጁ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸ በኋላ 12 ወር ይታገሠዋል። እኛ ግን ወረቀቱን ካደልን 14 ወር ሆኖን ነበር፤ ቀኑም በእኔ እጅ ተጽፎ ይታያል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውም ቢሆን በአገር ውስጥ አስቀድሞ በሥራ ላይ የዋለውን አዲስ አይለውም። ስንመለስ ያ ሰው ዝም ብሎ ሲሄድ ቆይቶ፣ «እኅቴ፣ ወረቀት ይጠብቃል ትዪኝ አልነበረም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀት የሚጠብቀው በጊዜውና በቦታው ሲገባ ነው። ያለ ጊዜው ሲበተን ግን በባለቤቱ ላይ የሚመሰክር እርሱው ነው።

መሣሪያው በዓለም ደረጃ ሲመረመር ያልፍ ነበር ወይስ ይወድቅ ነበር የሚለውን ማንም ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን ለመመረመር እንኳ ዕድል እንዲያጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

፮. ለነጋዴዎች የሚጠቅም ምክር

1ኛ፤ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ አሠራር ያገኘ ሰው አስቀድሞ ማመልከቻውን ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስገባ፤ ከዚያ በኋላ ያሳይ፣ ይሽጥ። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ከሆነም የ12 ወሩን ትዕግሥት አይመን፤ ብዙ አገሮች አንድ ቀን እንኳ አይታገሡም።

2ኛ፤ ከማመልከቻው በፊት ለሌላ ሰው ማሳየት ግድ ከሆነ፣ ምሥጢር እንዲጠብቅ በጽሑፍ ያስፈርም።

3ኛ፤ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ በሚልክበት አገር በዕቃው ላይ የጸና ፓተንት እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ። የፓተንት መዝገብ ለሁሉ ክፍት ነው።

4ኛ፤ ስክሪንና መብራት የሚያስመጣ ነጋዴ በደረሰኙ ላይ ዓይነቱን በትክክል ያስጽፍ። ተራውን ስክሪን ኦሌድ ብሎ መሸጥ የፓተንት ነገር ሳይሆን ደንበኛን ማታለል ነው። ለመለየት ስልኩን በጨለማ ቦታ ጥቁር ሥዕል ማሳየት ይበቃል፤ ኦሌድ ከሆነ ጨርሶ ይጨልማል፣ ተራው ግን ከኋላ ጭል ጭል ይላል።

5ኛ፤ ስለ ሰሊጥ አቆራረጥ፣ ስለ አከማመር፣ ስለ አበጣጠር፣ ስለ ማሽላ አቀማመጥ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን ከነቀኑ ጽፈን በማኅበር መዝገብና በመጽሔት እናውጣ። በነባር ዕውቀት ላይ መብት ልንጠይቅበት አንችልም፤ ነገር ግን ተጽፎ ከተገኘ ሌላውም «የእኔ ፈጠራ ነው» እንዳይል መርማሪው በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል።

ከላይ እንዳየነው ወረቀት በሁለት ወገን ይሠራል። የግል ፈጠራ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት መበተን ያጠፋዋል። የጋራ ዕውቀት ከሆነ ግን አለመጻፉ ያስነጥቀዋል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የጸሐፊም የነጋዴም ሥራ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) አንድ ቀመር ሦስት ባዶ ቦታዎች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱም ዐሥር ምርጫ ቢሰጥ ስንት ውሑድ ይጠቀልላል? ከነዚህ አንዱ ቀድሞ የታወቀ ቢሆን አመልካቹ ምን ማድረግ አለበት?

ለ) በሆላንድ የተሰጠ ፓተንት በመተማ ዮሐንስ የሚነግድ ሰው ላይ ይሠራልን? ስለ ምን?

ሐ) በእናንተ ሱቅ ወይም መጋዘን ካለው አሠራር የትኛው ነባር ዕውቀት ነው? የትኛውስ አዲስ ነው? አዲሱን እስከ ዛሬ ለስንት ሰው አሳያችሁ?